ለበረዶ ወራት የሚሆን የመኪና መስታወት መጥረጊያ አመራረጥ፦ ዝርዝር መመሪያ

በአማርኛ «በረዶ» ስንል ብዙ ነገር በአንድ ስም እንጠራለን፤ እንደ ባዘቶ እየተበተነ የሚወርደውም፣ ሌሊት መስታወት ላይ ተጋግሮ የሚያድረውም፣ አስፋልት ላይ ከጨውና ከጭቃ ጋር ተላቁጦ ከፊት ካለው መኪና ጎማ ሥር የሚፈናጠቀውም ሁሉ በረዶ ነው። የመስታወት መጥረጊያ ለሚገዛ ሰው ግን ሦስቱ የተለያዩ ችግሮች ስለሆኑ አንዱን በሚገባ የሚቋቋም መጥረጊያ በሌላው ሊሸነፍ ይችላል። ስለዚህ ገዢው ወደ መደብር ከመሄዱ በፊት እርሱን አዘውትሮ የሚያስቸግረው በረዶ የትኛው እንደሆነ ለራሱ መመለስ አለበት፤ ይህ መመሪያም የተዘጋጀው በዚሁ አካሄድ ነው። «ክረምት» የሚለው ቃል ዝናብን ስለሚያስታውስ፣ የምንነጋገርበትን ወቅት የበረዶ ወራት እያልኩ እጠራዋለሁ።

ጉዳዩ እንዲህ ተብራርቶ መጻፍ የሚገባው ነው ወይ የሚል ቢኖር፣ በሰዓት 90 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በእያንዳንዱ ሰከንድ 25 ሜትር እንደሚጓዝ ያስብ። የጭነት መኪና አልፎ ሲሄድ የረጨውን የበረዶ ጭቃ መጥረጊያው ለማንሳት ሁለት ሰከንድ ቢዘገይ፣ ነጂው 50 ሜትር መንገድ ሳያይ ሄደ ማለት ነው። መጥረጊያ የሚባለው ዕቃ ራሱ የታሰበው በበረዶ ቀን ነው፤ ሜሪ አንደርሰን የተባለች አሜሪካዊት ኒው ዮርክ ውስጥ በትራም ስትጓዝ፣ ነጂው መስታወቱ በበረዶ ስለተሸፈነበት መስኮት ከፍቶ በብርድ ሲንገላታ ተመልክታ፣ ከውስጥ በእጅ የሚንቀሳቀስ ባለ ጎማ መጥረጊያ ነደፈች፤ እ.ኤ.አ. በ1903ም የፈጠራ ባለቤትነት መብት አገኘችበት።

ደረጃ 1፦ መጥረጊያው በብርድ ምን እንደሚሆን ይወቁ

የመጥረጊያ ጎማ ቀጥ ብሎ ቆሞ የሚጠርግ ይመስላል እንጂ እንደዚያ አይደለም። ጫፉ ላይ ያለችው ቀጭን ከንፈር ከምትሄድበት አቅጣጫ ወደ ኋላ ጋደል ብላ ትጎተታለች፤ መጥረጊያውን የሚያንቀሳቅሰው ብረት፣ ማለትም ክንዱ፣ ዞሮ ሲመለስ ደግሞ አንገቷ ላይ ታጥፋ ወደ ሌላኛው ጎን ትገለበጣለች። ድምፅ ሳያሰማ የሚሠራ መጥረጊያ ይህን መገልበጥ በየምልልሱ ያለ ችግር የሚፈጽም ነው። ብርዱ ሲበረታ ጎማው ይደነድናል፣ አንገቱም አልታጠፍ ይላል፤ ያን ጊዜ ከንፈሯ መጎተቷ ቀርቶ እንደ አካፋ እየተገፋች ትሄዳለች፤ እየነጠረችም የሚያሰለች ኩርኩርታ ታሰማለች፣ በመስታወቱ ላይም የመሰላል ደረጃ የሚመስሉ የተደረደሩ መስመሮች ትታ ታልፋለች።

ሁለተኛው ችግር ጎማውን በያዘው አካል ላይ የሚደርስ ነው። ለረጅም ዘመን የተለመደው ባለ አጽም መጥረጊያ እርስ በርስ በመገጣጠሚያ የተያያዙ ቅንፎች አሉት፤ ሥራቸውም የክንዱን ግፊት በጎማው ርዝመት ሁሉ በእኩል ማከፋፈል ነው። ቀልጦ የገባ ውሃ በእነዚህ መገጣጠሚያዎች ውስጥ ሲረጋ አጽሙ በቆመበት ቅርጽ እንደ ዱላ ደርቆ ይቀራል። የመስታወቱ ኩርባ ደግሞ ከታች እስከ ላይ አንድ ዓይነት ስላልሆነ፣ የደረቀው መጥረጊያ ከፍ እያለ ሲሄድ ወይ መሀሉን ወይ ሁለቱን ጫፎች ብቻ ይነካል። በእኔ ግምት በበረዶ ወራት አረጀ ተብለው ከሚጣሉት መጥረጊያዎች ብዙዎቹ ጎማቸው ገና ደህና ሆኖ መገጣጠሚያቸው ብቻ የረጋባቸው ናቸው።

ሦስተኛው ከንፈሯ ላይ እንደ ዶቃ ተደርድሮ የሚጋገረው በረዶ ነው። ይህን የትኛውም መጥረጊያ፣ የቱንም ያህል ውድ ቢሆን፣ ፈጽሞ ሊከላከለው አይችልም፤ መፍትሔው ሙቀትና ተገቢው ፈሳሽ ስለሆነ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

ደረጃ 2፦ ጥፋቱ በእርግጥ የመጥረጊያው መሆኑን ያረጋግጡ

አዲስ መጥረጊያ ከመግዛትዎ በፊት አሮጌውን ይመርምሩት። መስታወቱን በሳሙና ውሃ አጥበው ያድርቁ፤ ንጹሕ ጨርቅ በአልኮል አርሰው የጎማውን ከንፈር ከዳር እስከ ዳር ይጥረጉ። ጨርቁ ላይ የሚወጣው ጥቁር ነገር ከመንገድ የተረጨ ዘይት፣ አቧራና ያለቀ ጎማ ሲሆን፣ መጀመሪያ ላይ ብዙ መሆኑ አያስደነግጥዎት። ከዚያ ውሃ እየረጩ መጥረጊያውን ያስነሱና ምን እንደሚተው ይመልከቱ።

ሁልጊዜ በአንድ ቦታ የምትቀር ቀጭን መስመር ከንፈሯ እዚያ ላይ እንደተቀደደች ወይም ቆሻሻ እንደያዘች ትናገራለች። ሰፊና ደብዛዛ ጭጋግ የሚቀር ከሆነ ግን አብዛኛውን ጊዜ መስታወቱ ላይ የቅባት ወይም የሰም ሽፋን አለ ማለት ነው፤ እንዲህ ያለውን አዲስ መጥረጊያ አያድነውም። መጥረጊያው ሲሄድ ጸጥ ብሎ ሲመለስ ብቻ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ የተጣመመው ክንዱ ነው፤ ጎማው መስታወቱ ላይ በትክክል ቀጥ ብሎ ስላልተቀመጠ በአንድ በኩል መገልበጥ አቅቶታል። በከፍተኛ ፍጥነት ብቻ ከመስታወቱ የሚነሳ ከሆነ ደግሞ የክንዱ ሞላ ደክሞ ይሆናል። ክንዱን በእጅዎ ትንሽ ከፍ አድርገው ሲለቁት መንፈስ እንደሌለው ነገር ዝግ ብሎ ከተመለሰ፣ ወይም የሚታጠፍበት ቦታ በጨውና በዝገት ታስሮ ከሆነ፣ ገንዘቡ ለክንድ እንጂ ለመጥረጊያ መዋል የለበትም። የታሰረውን መታጠፊያ ጥቂት የዘይት ጠብታ ብዙ ጊዜ ይፈታዋል።

እነዚህን ሁሉ አይተው ጎማው የደነደነ፣ የተሰነጠቀ ወይም ወደ አንድ ጎን ተጋድሞ የቀረ ከሆነ መለወጥ ግድ ነው። ከስድስት ወር እስከ አንድ ዓመት ያገለገለ ጎማ በሞቃት ወራት ደህና ቢመስልም የመጀመሪያው ብርቱ ውርጭ ያጋልጠዋል፤ ስለዚህ ለውጡን በረዶው ሳይጥል መፈጸም ይመረጣል። ጣት በብርድ ደንዝዞ የፕላስቲክ ማያያዣ ለማላቀቅ መታገል ማያያዣውንም ጣቱንም ይጎዳል።

ደረጃ 3፦ የበረዶዎን ጠባይ ለይተው ዓይነቱን ይምረጡ

ገበያ ላይ ያሉት አራት ዓይነት ናቸው ማለት ይቻላል፤ ባለ አጽሙ፣ ጠፍጣፋው፣ ሁለቱን ያዳቀለው ቅይጥ፣ እና በተለይ «የበረዶ መጥረጊያ» ተብሎ የሚሸጠው።

ባለ አጽሙ ርካሽ ነው፣ በቀላሉም ይገኛል፤ ነገር ግን ከላይ እንደተባለው መገጣጠሚያው ይረጋል። በረዶ በዓመት ሁለት ሦስት ቀን ብቻ በሚጥልበት ቦታ ለሚነዳ ሰው ይበቃ ይሆናል፤ ከዚያ በላይ ለሆነ ግን አልመክረውም።

የበረዶ መጥረጊያ የሚባለው ይኸው ባለ አጽም ሆኖ፣ አጽሙ ሙሉ በሙሉ በወፍራም የላስቲክ ሽፋን የተሸፈነ ነው። ሽፋኑ ውሃና በረዶ ወደ መገጣጠሚያዎቹ እንዳይገባ ያግዳል፤ በላዩ የተጋገረውም በረዶ ሽፋኑ ሲተጣጠፍ እየተሰነጠቀ ይወድቃል። እርጥብና ከባድ በረዶ አዘውትሮ የሚጥልበት አካባቢ፣ በከተማ ፍጥነት፣ ብዙ ቆሞ መነሳት ባለበት መንገድ ለሚነዳ ሰው ይህ ዓይነት አሁንም ታማኝ ነው። ጉድለቱ ግን አይናቅም። ሽፋኑ መጥረጊያውን ከባድና ከፍ ያለ ስለሚያደርገው በፍጥነት መንገድ ላይ ነፋስ ሥሩ ገብቶ ሊያነሳው ይችላል፤ ሞተሩንም ከተለመደው በላይ ያደክመዋል። ከሁሉ የከፋው ግን ሽፋኑ ሲቀደድ ነው። በአንዲት የመርፌ ቀዳዳ የገባ ውሃ መውጫ ስለማያገኝ ውስጡ ይረጋና፣ ሊጠብቅ የመጣው ሽፋን በረዶውን አቅፎ የሚያሳድር ከረጢት ይሆናል። ሲገዙ ሽፋኑን በሁለት እጅዎ ለጠጥ እያደረጉ፣ በተለይ ጫፎቹና ክንዱ የሚገባበት አካባቢ፣ ስንጥቅ እንዳለ ይፈትሹ፤ በየወሩም ይህንኑ ይድገሙት።

ጠፍጣፋው መጥረጊያ አጽም የለውም፤ ጎማው ውስጥ ወይም ጀርባው ላይ የተቀመጠ ቀድሞ የተቀለበሰ የብረት ሞላ ግፊቱን በርዝመቱ ሁሉ ያከፋፍላል። የሚረጋ መገጣጠሚያ ስለሌለው በረዶ የሚይዘው ቦታ ትንሽ ነው፤ ዝቅ ብሎ ስለሚተኛና ብዙውን ጊዜ ጀርባው ላይ ነፋሱ መጥረጊያውን ወደ መስታወቱ እንዲጫነው የሚያደርግ ክንፍ ስላለው በፍጥነት መንገድ አይነሳም። በረዶ ሲጋገርበት ቆም ብሎ ትንሽ ነቅነቅ ማድረግ ይበቃል። ደካማ ጎኑ ኩርባው በፋብሪካ የተወሰነ መሆኑ ነው፤ መስታወቱ በጣም የተቀለበሰ መኪና ላይ ጫፎቹ አየር ላይ ሊቀሩ ይችላሉ። ይህን ለማወቅ ረጅም ምርምር አያስፈልግም፤ ገጥመው ክንዱን ሲያወርዱ ጎማው ከጫፍ እስከ ጫፍ መስታወቱን ነክቶ እንደሆነ ጎንበስ ብለው በጎን በኩል ቢያዩ ክፍተቱ ብርሃን ያሳይዎታል።

ቅይጡ አጽም አለው፣ አጽሙ ግን በፕላስቲክ ቅርፊት ተሸፍኗል። ኩርባውን ከጠፍጣፋው የተሻለ ይከተላል፣ ከባለ አጽሙም ያነሰ በረዶ ይይዛል፤ ቅርፊቱ ግን እንደ በረዶ መጥረጊያው ሽፋን የታሸገ ስላልሆነ ከሥር የሚገባውን የበረዶ ጭቃ አያስቀርም።

ፍርዴን በአጭሩ ልስጥ። ዋናው ችግርዎ ደረቅ ብርድ፣ ውርጭና በፍጥነት መንገድ የሚረጭ ጨዋማ ጭቃ ከሆነ ጠፍጣፋውን ይግዙ። ከባድና እርጥብ በረዶ በቀን ለብዙ ሰዓት የሚወርድብዎት፣ ፍጥነትዎም ዝቅተኛ ከሆነ ሽፋን የለበሰውን ይውሰዱ። የመስታወትዎ ኩርባ ጠፍጣፋውን ካልተቀበለ ቅይጡ ቀጥሎ የሚመጣ ምርጫ ነው። በኤሌክትሪክ የሚሞቁ መጥረጊያዎችም አሉ፤ ሽቦ መዘርጋት የሚጠይቁና ሽቦው በየምልልሱ የሚታጠፍ በመሆኑ፣ መኪናው ከፋብሪካ መጥረጊያው የሚያርፍበትን የመስታወት ክፍል የሚያሞቅ ከሆነ ይህኛው ይበልጥ ያዋጣል ባይ ነኝ። የኋላ መስታወት መጥረጊያ ያላቸው መኪኖች ደግሞ ብዙዎቹ ለራሳቸው ብቻ የተሠራ ዓይነት ስለሚፈልጉ እዚያ ላይ ምርጫው ጠባብ ነው።

ደረጃ 4፦ ጎማው ከምን እንደተሠራ ይጠይቁ

የተፈጥሮ ጎማ ለስላሳ ነው፣ መስታወቱንም ጥሩ አድርጎ ይጠርጋል፤ ብርድ ያደነድነዋል፣ ፀሐይና ኦዞን ደግሞ ይሰነጥቁታል። ሰው ሠራሽ ጎማዎች ወይም የሁለቱ ቅልቅል የአየር ጠባይን የበለጠ ይቋቋማሉ። ሲሊኮን በብርድ የመደንደን ችግሩ ከሁሉ ያነሰ ሲሆን ዕድሜውም ይረዝማል፤ ሲሠራም ውሃን የሚያንከባልል ስስ ሽፋን መስታወቱ ላይ ይተዋል። ይሁን እንጂ ዋጋው ከፍ ይላል፣ መስታወቱም ፍጹም ንጹሕ ካልሆነ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ይንቀጠቀጣል። ሲሊኮን የገዙ ሰዎች በሳምንቱ «ተታለልን» ሲሉ የምሰማው በአብዛኛው መስታወቱን ሳያጥቡ ስለገጠሙት ነው።

በብዙ ጎማዎች ላይ ጥቁር ግራጫ የግራፋይት ሽፋን ይታያል፤ ይህ ሰበቃን ስለሚቀንስ ጥሩ ምልክት ነው፣ በአልኮል አጥብቀው ፈግፍገው እንዳያነሱት ብቻ ይጠንቀቁ። መደብር ውስጥ ከተቻለ ከንፈሯን በጣትዎ ወደ አንድ ጎን ገፋ አድርገው ይልቀቋት፤ ወዲያው ቀጥ ብላ ከተመለሰች ደህና ናት፣ እየተንቀረፈፈች ከተመለሰች ግን መደርደሪያ ላይ ብዙ የቆየች ልትሆን ትችላለች። ጎማ ሳይሠራበትም ያረጃል፤ ስለዚህ ፀሐይ በሚመታው መስኮት ላይ ከተሰቀለው ማሳያ ይልቅ ከውስጥ ካርቶን የሚወጣውን ይጠይቁ።

ደረጃ 5፦ ርዝመቱንና ማያያዣውን ይለኩ

የነጂውና የተሳፋሪው ወገን መጥረጊያዎች ብዙ ጊዜ እኩል አይደሉም፤ ሁለቱንም ለየብቻ ይለኩ። ርዝመታቸው በአብዛኛው ከ350 እስከ 700 ሚሊ ሜትር፣ በኢንች ሲነገር ከ14 እስከ 28 ይደርሳል፤ አንድ ኢንች 25.4 ሚሊ ሜትር ስለሆነ 600 ሚሊ ሜትር የተባለውና 24 ኢንች የተባለው ለአገልግሎት አንድ ናቸው። የመኪናው መመሪያ መጽሐፍ ካለ ከእርሱ ማረጋገጥ ይሻላል፣ ምክንያቱም ቀድሞ የገጠመው ሰው ተሳስቶ ሊሆን ይችላል።

ብዙ እንዲጠርግልኝ ብሎ ረዘም ያለውን መግጠም የተለመደ ስሕተት ነው። የሞላው ጉልበት ያው ስለሆነ በረዘመ ጎማ ላይ ሲከፋፈል ይሳሳል፤ መጥረጊያዎቹም ወይ እርስ በርስ ይጋጫሉ ወይ የመስታወቱን ዳር ይመታሉ። ሽፋን የለበሰውን ለሚገዛ ደግሞ ተጨማሪ ጥንቃቄ አለ፤ መጥረጊያቸው ከኮፈኑ ጠርዝ ሥር ተደብቆ በሚያርፍባቸው መኪኖች ላይ ወፍራሙ ሽፋን ማረፊያው ውስጥ አልገባ ሊል ይችላል።

ማያያዣን በተመለከተ በብዛት የሚገኘው ጫፉ እንደ ከዘራ እጀታ የታጠፈው ክንድ ነው። መታጠፊያው 9 ሚሊ ሜትር ስፋት ኖሮት ውፍረቱ 3 ወይም 4 ሚሊ ሜትር ሊሆን ይችላል፤ ብዙ መጥረጊያዎች ለሁለቱም የሚሆን ትንሽ የፕላስቲክ መለዋወጫ አብሯቸው ይመጣል። ሌሎች ክንዶች በጎን የሚገባ ፒን፣ ተጭነው የሚያላቅቁት ቁልፍ ወይም ከሁለት ጎን ቆንጥጠው የሚከፍቱት መያዣ አላቸው። ስሙን ማስታወስ ቢያስቸግርዎት የክንዱን ጫፍ ከላይና ከጎን ፎቶ አንስተው መሄድ ከማንኛውም ማብራሪያ ይበልጣል።

ደረጃ 6፦ መግጠምና መፈተሽ

መጥረጊያው የተወለቀበት ክንድ ባዶ ብረት ነው፤ ሞላው ደግሞ ወደ መስታወቱ ይስበዋል። ከእጅ አምልጦ ቢመለስ መስታወቱን ይሰነጥቀዋልና፣ ሥራውን ሳይጀምሩ ወፍራም ፎጣ አጥፈው ክንዱ የሚወድቅበት ቦታ ላይ ያንጥፉ። ክንዶቹ ከኮፈኑ ሥር የሚደበቁ ከሆነ ለጥገና የሚቆሙበት አቀማመጥ አለ፤ በብዙ መኪኖች ቁልፉ እንደተዘጋ የመጥረጊያውን ማዞሪያ ተጭኖ በመያዝ የሚገኝ ሲሆን ትክክለኛው አሠራር በመመሪያ መጽሐፉ ተጽፏል። በኃይል ማንሳት ቀለሙንም ክንዱንም ያበላሻል።

አንዱን ወገን ጨርሰው ወደ ሌላው ይሂዱ፤ ሁለቱን አንድ ላይ አውልቆ የትኛው የየትኛው እንደነበር መርሳት ቀላል ነው። የከዘራ ቅርጽ ባለው ክንድ ላይ አሮጌውን ለማውለቅ መያዣዋን ተጭነው መጥረጊያውን ወደ ክንዱ ሥር አቅጣጫ ወደ ታች ይግፉት፤ አዲሱን ደግሞ በተቃራኒው ስበው «ቀጭ» እስኪል ያስገቡት። ድምፁን ካልሰሙ አልገባም ማለት ነው፣ በመንገድ ላይም ተወርውሮ ይሄዳል። ክንዱን ቀስ ብለው ከማውረድዎ በፊት ደግሞ ከንፈሯን በመጓጓዣ ጊዜ የምትጠብቀውን ረጅም የፕላስቲክ ልባስ ያንሱ፤ ሳያነሷት ነድተው «አዲሱ ምንም አይጠርግም» የሚሉ ጥቂት አይደሉም። በመጨረሻ መስታወቱን አርጥበው በዝግታም በፍጥነትም ያስኪዱት፤ ደረቅ መስታወት ላይ መሞከር አዲሱን ከንፈር ገና ሳይጀምር ይጎዳዋል።

ደረጃ 7፦ ማጠቢያ ፈሳሹን አብረው ይለውጡ

በበረዶ ወራት የመጥረጊያ ግማሹ ሥራ የፈሳሹ ነው። መንገድ ላይ የሚበተነው ጨው መስታወት ላይ ሲደርቅ ነጭ ሽፋን ይሠራል፤ ይህን በደረቁ መጥረግ ዕይታውን ከቀድሞው ይበልጥ ያከፋዋል፣ ከንፈሯንም እንደ አሸዋ ወረቀት ይበላታል። የሞቃት ወራት ፈሳሽ ወይም ተራ ውሃ ከሆነ ደግሞ መያዣው ውስጥ ይረጋል፤ ውሃ ሲረጋ መጠኑ 9 በመቶ ያህል ስለሚጨምር መያዣውን ወይም ፓምፑን ሊሰነጥቅ ይችላል።

ሲገዙ የማይረጋበትን የሙቀት መጠን ከጽሑፉ ላይ ያንብቡ፤ ቁጥሩ እንዳለ ለሚጨመረው ይሁን ወይስ ገና በውሃ ተበርዞ ለሚጨመረው መሆኑንም ይለዩ። እኔ በአካባቢው ከሚጠበቀው ብርድ ቢያንስ 10 ዲግሪ ዝቅ ያለውን እመርጣለሁ። ፈሳሹ መስታወቱ ላይ ሲረጭ በውስጡ ያለው አልኮል በነፋሱ ይተናል፤ መትነኑ መስታወቱን ያቀዘቅዛል፣ የሚቀረውም አልኮሉ ያነሰ ፈሳሽ ስለሚሆን፣ መያዣው ውስጥ ያልረጋው ፈሳሽ በጉዞ ላይ ዓይንዎ ፊት ነጭ ሆኖ ሊረጋ ይችላል። ስለዚህ ከመርጨትዎ በፊት መስታወቱ ከውስጥ በማሞቂያው መሞቁን ያረጋግጡ።

አሮጌውን ረጭተው ይጨርሱ፣ አዲሱን ይሙሉ፣ ከዚያም አዲሱ በቧንቧዎቹ ውስጥ አልፎ እስኪወጣ ድረስ ይርጩ፤ መያዣው ተለውጦ ቀጭኑ ቧንቧ ውስጥ የቀረው ውሃ ብቻ ቢረጋ እንኳ መርጫው ይዘጋል። የሞተር ማቀዝቀዣ ፈሳሽ እዚህ መያዣ ውስጥ አይጨመርም፤ መስታወቱን ያቀባዋል። የበረዶ ወራት ፈሳሽ ብዙ ጊዜ ሜታኖል ያለበት መርዝ ስለሆነ ከልጆችና ከቤት እንስሳት ይራቅ፣ በመጠጥ ጠርሙስም አይቀመጥ።

ደረጃ 8፦ ማታ ሲያቆሙ፣ ጠዋት ሲነሱ

መኪናውን ከማጥፋትዎ በፊት መጥረጊያውን በራሱ ማዞሪያ ያጥፉት፤ ዝናብ ሲያይ በራሱ የሚነሳ ከሆነም ያንን ያሰናብቱት። ይህን የተማርኩት በገንዘብ ነው። አንድ ምሽት መጥረጊያው እየሠራ ቁልፉን ነቅዬ ገባሁ፤ ሌሊቱን ሁለቱም ጎማዎች ከመስታወቱ ጋር ተጣብቀው አደሩ፤ ጠዋት ቁልፉን ሳዞር ሞተሩ ሲያጉረመርም ይሰማል፣ የነጂው ክንድ ግን ንቅንቅ አላለም። የክንዱን ሥር የሚሸፍነውን ክዳን ሳነሳ ዳዶው በቦታው አለ፣ ከሥሩ ክንዱን ከዘንጉ ጋር የሚያያይዘው ጥርስ ግን ተልጎ ብናኙ ብቻ ቀርቷል። ዳዶው ላልቶ ብቻ ቢሆን ኖሮ ማጥበቅ ይበቃ ነበር፤ ጥርሱ ከተበላ ግን ክንዱ ይለወጣል። ዕድል የቀናው ሰው ፊውዝ ብቻ ይቃጠልበታል።

ክንዶቹን አቁሞ ማሳደር ይጠቅማል ወይስ ይጎዳል የሚለው ክርክር የማያልቅ ነው። ጎማው እንዳይጣበቅ ያደርጋል፣ እውነት ነው፤ ነፋስ ከመታው ግን ክንዱ ተመልሶ መስታወቱን ሊሰብር ይችላል። እኔ የማቆመው ነፋስ በሌለበትና የሚረጋ ዝናብ በሚጠበቅበት ሌሊት ብቻ ነው፤ ከዚያ ውጪ መስታወቱን በሽፋን መሸፈን ሁለቱንም ይገላግላል።

ጠዋት መጀመሪያ ሞተሩን አስነስተው አየሩን ወደ መስታወቱ ያዙሩ፤ የአየር ማቀዝቀዣውን አብሮ ማብራት አየሩን ስለሚያደርቀው ከውስጥ ያለውን ላቦት ቶሎ ያጠፋዋል። በር በተዘጋ ጋራዥ ውስጥ ግን ሞተር አስነስቶ መጠበቅ ለሕይወት አደገኛ ነው። መስታወቱ እስኪሞቅ ጣሪያውንና ኮፈኑን ይጥረጉ፤ በተለይ በኮፈኑና በመስታወቱ መካከል ያለውን ጎድጓዳ ቦታ ከበረዶና ከቅጠል ያጽዱ፣ የመጥረጊያው ዘንጎች የሚንቀሳቀሱትም ወደ ውስጥ የሚገባው አየር የሚሳበውም በዚያው በኩል ነውና። የተጋገረውን በፕላስቲክ መፋቂያ ያንሱ። ሁለት እጅ አልኮል ከአንድ እጅ ውሃ ጋር ቀላቅለው በመርጫ ጠርሙስ ቢይዙ ቀጭኑን በረዶና የተጣበቀውን ጎማ በደቂቃዎች ያላቅቅልዎታል። የፈላ ውሃ ግን በፍጹም፤ ቀዝቃዛ መስታወት በድንገተኛ ሙቀት ይሰነጠቃል።

ጎማው እስኪለቅ ይጠብቁ እንጂ ጎትተው አይንቀሉት፣ ከንፈሯ ተገንጥላ መስታወቱ ላይ ትቀራለች። ከለቀቀ በኋላ በሁለት ጣት መካከል ጨርቅ ይዘው ከሥር እስከ ጫፍ አንድ ጊዜ ሳብ ቢያደርጉ ዶቃ ሆኖ የተደረደረው በረዶ ይራገፋል። በጉዞ ላይ መልሶ ሲጋገር ሙቀቱን ወደ መስታወቱ ይጨምሩ፤ ካልሆነም ደኅና ቦታ ቆመው ያራግፉት። እየነዱ በመስኮት እጅ አውጥቶ ሲያልፍ ለመያዝ መሞከርን ብዙ ጊዜ አይቻለሁ፤ ጣትንም ክንድንም የሚያሳጣ ነው።

ደረጃ 9፦ በረዶው ሲያልፍ ማውለቅ

የሜሪ አንደርሰን መጥረጊያ የብርዱ ወቅት ሲያልፍ ተነቅሎ የሚቀመጥ ነበር፤ ሽፋን የለበሰው የዛሬው የበረዶ መጥረጊያም እንደዚያው ነው። ሙቀቱ ሲመለስ ሽፋኑን ፀሐይ ያደርቀዋል፣ ክብደቱም ሞተሩን ያለ ጥቅም ያደክማል። ጠፍጣፋውና ቅይጡ ግን ዓመቱን ሙሉ ሊቆዩ ይችላሉ።

ያወለቁትን ከጨው በለብታ ውሃ አጥበው፣ በጥላ አድርቀው፣ ከንፈሯ ምንም ነገር ላይ ሳትደገፍ ማለትም በጀርባው አስተኝተው ወይም ሰቅለው ፀሐይ በማይገባበት ቦታ ያስቀምጡት፤ ልባሷን ካልጣሉ መልሰው ያልብሷት። በማሸጊያው ላይ «የነጂ» እና «የተሳፋሪ» ብለው ይጻፉ፤ ሁለት ኢንች ብቻ የሚለያዩ መጥረጊያዎች ከወራት በኋላ በቀዝቃዛ ጋራዥ ውስጥ መንታ ይመስላሉ።